በፍልሰታ የተበላ እንቁላል

አንድ ሰው አንዴ ሌባ ከተባለ አለቀለት። ከዚያ ወዲያ በሰፈር የጠፋ ዶሮ ሁሉ የሱ ነው። ድመት የበላችው ጫጩት፣ ጎርፍ የወሰደው ገመድ፣ ባለቤቲቱ ራሷ የት እንዳኖረችው የረሳችው ጭልፋ፣ ሁሉም እሱ ቤት ይፈለጋል። እውነተኛው ሌባ ግን ከፈላጊዎቹ ጋር ዱላ ይዞ ቆሞ «የት አባቱ ገባ?» እያለ ያፋልጋል። በሽታም እንደዚሁ ነው፣ ልጆቼ። አንድ ስም ያለው በሽታ ሰው ቤት ከገባ፣ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ የራሱን ስም አያወጣም፤ በቀደመው ይጠራል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

እኔ እማዋይሽ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ እንደ ቆመ ቀርቷል። ያወቅሁት ከእታለም ነው። እታለም የምለው ታላቅ እህቴን የሻረግን ነው። እዚህ ደብረ ታቦር በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖር። ባሏ አርፈው፣ ልጆቿም ባሕር ዳር ገብተው፣ ያለኋት እኔ ነኝ፤ ያለችኝም እሷ ናት። እኔ ስስቅ ገሳይ ከተማ ድረስ ይሰማል ይሉኛል፤ እሷ ስትስቅ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አይሰማም። እኔ ስጾም ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጥላዬን ስለካ የምውል ነኝ፤ እሷ ጾም ሲገባ ከሩቅ አገር ዘመድ የመጣላት ይመስል ፊቷ ይበራል።

እታለም ስኳር ካለባት ዘመኗ ነው። ኪኒኗን ጠዋትና ማታ ትውጣለች፣ ሻይዋን ባዶውን ትጠጣለች፣ ድንች እንኳ ሲቀርብላት እንደ አዲስ ሙሽራ አንዲት ቆንጥራ ትተዋለች። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ድንች መተው ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ነፍሴን ነው የምተው።

ታዲያ ካቻምና መጨረሻ ገደማ ይች ሴት መድከም ጀመረች። ከጓሮ ጎመን ቀጥፋ ስትመለስ ደረቷ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል። «ስኳሩ ነው» አልን። እግሯን ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ይወርራታል። «ስኳሩ ነው።» ምላሷ ተልጦ በርበሬ አልነካም አለ። «ስኳሩ ነው።» የልጇን ስም ልትጠራ የሟች ባሏን እናት ስም ጠራች። «ስኳሩ ነው።» ፊቷ እንደ ታጠበ እራፊ ገረጣ። «እሱው ነው፣ ስኳሩ።» ምስኪን ስኳር! አንድ ቀን ጣሪያችን ሲያፈስ፣ ገበቴውን ከሥሩ ደቅኜ «እታለም፣ ይኼም ስኳሩ ይሆን እንዴ?» አልኋት። ዱሮ ብትሆን ቢያንስ ከንፈሯ ይላወስ ነበር። ያን ቀን ዝም ብላ ጠብታውን አየችው። ያኔ ነው የደነገጥሁ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት አሻፈረኝ አለች። ባለፈው ለስኳሯ ክትትል ስትሄድ አንዲት ነርስ «ደም የሚያንስሽ ይመስላል፣ ተመርመሪ» ብላት ኖሯል፤ እሱ አናዷታል።

«በሄድሁ ቁጥር ይቀዱኛል» አለችኝ። «ጣቴን ወግተው ይጨምቃሉ፣ ክንዴን አስረው በብልቃጥ ይወስዳሉ። ራሳቸው ቀድተው ቀድተው ጨርሰውት፣ አሁን ደግሞ የት አደረስሽው ሊሉኝ!»

እውነቷን መሰለኝ። እንስራም ቢሆን በየጊዜው ከተቀዳበት ባዶውን ይቀራል አልሁ። ሞኝ ከሞኝ ሲማከር እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

እንግዲያው እኛው እንሙላው ተባለ። ጎረቤት ተማከረ። ደም ቀይ ነውና ቀይ ቀዩን ትብላ ሆነ። ቀይ ሥር በዘንቢል መጣ፤ ተቀቀለ፣ ተጨመቀ፣ ተከተፈ። የእታለም እጅ ቀላ፣ ከንፈሯ ቀላ፣ ነጠላዋ ሳይቀር ቀላ፤ ፊቷ ግን እንደ ገረጣ ነው። አንዷ ደግሞ «ደም ይሞላል» ብላ ማር ይዛ መጣች። ለስኳር በሽተኛ ማር! እሱን እኔ ከበር መለስሁት። የመለስሁት ሴትዮዋን ነው፤ ማሩን ቤቴ አስገብቼ ስልሰው ሰነበትሁ። ምን ይደረግ፣ የመጣ በረከት ሜዳ ላይ አይጣል።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ነሐሴ ደብረ ታቦር ላይ ጉም ነው፣ ጭቃ ነው፣ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ የልጆች ጅራፍ ጧ ጧ ይላል። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነውና፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እስኪወጣ ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ዳገቱን ወደ ደብሩ ይወጣል። እታለም ፍልሰታን ቤቷ ውላ አታውቅም። ጉልበቷም፣ ወሬዋም፣ ዓለሟም ያ ዳገት ነው። «ያን ዳገት መውጣት ያቃተኝ ቀን ጉድጓዴን አስምሱ» ትል ነበር፣ ገና ሳትታመም።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ዳገቱ መካከል ላይ ቆመች። «እማዋይ፣ ይኼ ጽድ ዞረብኝ» አለች። ጽዱማ እንደ ቆመ ነው። ከዚያ እንደሚታጠፍ ጋቢ ዝም ብላ ተጣጥፋ ጭቃው ላይ ተኛች። ሰው ከበበን። አንዱ «ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ጣፋጭ አቅምሷት» ይላል፤ አንዱ «ወጥቶ ነው፣ እንዳትነኳት» ይላል። እኔ እንደሆንሁ እጮሃለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ጎረምሶች ተሸክመው አወረዷትና በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ከደቡብ በኩል የመጣች፣ ብርዳችን ያልተዋሐዳት፣ ከነጩ ካፖርት ሥር ሁለት ሹራብ የደረበች። መጀመሪያ ስኳሯን ለካች። ደህና ነው! እኔና እታለም ተያየን። ዓመት ሙሉ ያሳደድነው ሌባ ቤቱ ተኝቶ ተገኘ።

ልጅቷ ቀጥላ በአውራ ጣቷ የእታለምን የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አደረገች። «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ እናቴ» አለቻት። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። «እስቲ የእርስዎን» ብላ የኔን ገለጠችና መስታወት ሰጠችኝ። የኔ የበሰለ ቲማቲም ነው። «ልዩነቱን አዩት?» አለችኝ። አየሁት። ምነው ባላየሁት! ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ዓይን ሳልገልጥ መዋል አቃተኝ።

ደም ልትወስድ ስትል እታለም ክንዷን ሰበሰበች። «የቀረችኝን ጭላጭ ልትወስጃት?»

«እናቴ፣ የምወስደው ከሻይ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም። እሱን ሰውነት ቶሎ ይተካዋል። የእርስዎ የጎደለው በሌላ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን ልፈልገው።»

ፈለገችው። ሲገኝ እንዲህ ብላ አስረዳችን፤ እኔ እንደ ገባኝ ነው የማወራ። ስኳር ያለበት ሰው ደም የሚያንሰው በብዙ በር ነው። ደም ይሠራ ብሎ የሚያዘው ኩላሊት ነውና፣ ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ ትእዛዙ ይቀራል፤ የእታለም ኩላሊት ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። የእሷ በር ሌላ ነው። ያ ዘመን የዋጠችው የስኳር ኪኒን፣ ስኳሩን እየጠበቀ፣ በጎን አንድ ቫይታሚን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል አሉ። ስሙ ቢ አሥራ ሁለት ነው፤ የቀበሌ ቤት ቁጥር ይመስላል። ያለ እሱ ደም በወጉ አይሠራም። የሚገኘውም ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከሥጋ ነው። እታለም ደግሞ ከዓመቱ የሚበዛውን ጾማ፣ ፍስክ ሲሆንም «ለምዶብኝ» እያለች ሽሮ የምትበላ ናት። ኪኒኑ በአንድ በር ሲያስቀር፣ ጾሙ በሌላው በር አላስገባ ብሎ፣ ቤቱ ባዶውን ቀረ። የእግሯ መወረርም፣ የምላሷ መላጥም፣ መርሳቷም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም አለች ልጅቷ።

«እንግዲያውማ ሌባው ኪኒኑ ነው!» አለች እታለም። «ከዛሬ ጀምሮ እተወዋለሁ!»

«እንዳያደርጉት!» ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሱን ቢተዉ ስኳሩ ይነሣብዎታል። ውሻው እንጀራ ሰረቀ ተብሎ፣ ጅብ ባለበት አገር ውሻ ይባረራል?»

ወይ ጉድ! ከደቡብ መጥታ በኛው አፍ ረታችን።

ለእታለም መርፌ ታዘዘላት፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ አለፍ አለፍ እየተባለ የሚወጋ። «ከመርፌው ጋር እንቁላል ይብሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ» አለች ሐኪሟ። «ስኳርዎንም አያስነሣም።» ሳስበው እንቁላል ጥሩ ሽማግሌ ነው፤ ከስኳርም ከደምም ሳይጣላ ሁለቱን ያስታርቃል።

«ፍልሰታ ነው» አለች እታለም።

«አውቃለሁ፣ እናቴ። መርፌውን የማዝ እኔ ነኝ፤ ጾሙን የምፈታ ግን እኔ አይደለሁም። እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ።»

ቤት ገባን። እታለም መርፌዋን ያለ ክርክር ተወጋች፤ በእንቁላሉ ግን ግድግዳ ሆነች። «ነፍስ ካወቅሁ ፍልሰታን ገድፌ አላውቅም። ገርጥቼ እሞታለሁ እንጂ በእንቁላል አልነሣም።»

«ጾም እኮ ለታመመ አልታዘዘም፣ እታለም።»

«እሱ ለታመመ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደክሞኝ ነው።»

እስቲ አሁን ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ምን ይባላል? እህቴ ክፋት የላትም፤ ግን ገበሬ በበሬው እንደሚኮራ በጾሟ ትኮራለች። ኩራቷን ይዛ ከዓይኔ ሥር እየመነመነች ስትሄድ ማየት አልቻልሁም። ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወደ አባ ታከለ ሮጥሁ።

አባ ታከለ የሁለታችንም ንስሐ አባት ናቸው። ቀልድ አዋቂ ናቸው፤ ስኳርም እንደ እታለም አለባቸው። በክትትል ቀን ወረፋ ላይ ሲገናኙ «የስኳር ማኅበርተኛዬ» ይሏታል። ጉዳዩን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። በማግሥቱ ጭቃውን በከዘራቸው እየወጉ መጥተው፣ ጠበል ረጩን፤ ከመደቡ ተቀመጡ።

«የሻረግ፣ እህትሽ ሁሉንም ነግራኛለች።»

«ለፍላፊ ናት፣ አባ።»

«ለፍላፊ ባትኖርሽ በለቅሶሽ ነበር የምሰማው። ይልቅ ይኸን ጾም ለማን ነው የምትጾሚው?»

«ለእመቤታችን ነዋ።»

«እናት አይደለችም እሷ? ልጇ ገርጥታ ደጇ ላይ ስትወድቅ ደስ የሚላት እናት የት አገር አየሽ?» አባ ታከለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «አምና ብርቱካን ታማ በጾም ወተት ጠጣች ሲባል፣ ምን አልሽ?»

ብርቱካን ማለት ከግቢያችን ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት። እታለም አቀረቀረች። «ምን በሽታ፣ ሆዷ ነው አልሁ» አለች።

«በይ እንግዲያው። ለሱ ቀኖና እሰጥሻለሁ።»

ቀኖና ሲባል የእህቴ ፊት ብርት አለ! «ስግደት ነው፣ አባ?»

«ስግደቱን አትችይም። እንቁላል ነው። ሐኪሟ እንዳለችሽ በየቀኑ፣ ጾም ቢሆን ፍስክ፣ ደምሽ ሞላ እስክትባይ። እማዋይሽ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ትመስክር።»

በዚህ ዓለም ቀኖናዋ እንቁላል የሆነ ሴት ከእታለም በቀር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ታዝዛ የኖረች ናትና አልታዘዝም አትል፤ ጾማ የኖረች ናትና አልጾምም አትል። ሁለት በሬ በሁለት አቅጣጫ የሚጎትቷት መስላ ፈዝዛ ቀረች። አባ ታከለ ግን መስቀላቸውን አሳልመውን፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከጢማቸው ሥር ፈገግ እያሉ ወጡ።

በፍልሰታ እንቁላል መግዛትን ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? የገበያው ዓይን ሁሉ የናንተ ነው። ከእብናት በኩል የመጣች አንዲት ሻጭ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና «እሜቴ፣ ለሚታቀፍ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ለሚታቀፍ» አልሁ። አልዋሸሁም፤ በነጠላዬ ሥር ታቅፌው ነው ቤቴ የገባሁ። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ለምን ያን ቀን ቀስ ብዬ እንደምራመድና ለምን እንደማልጮህ ገርሞት አለፈኝ።

የመጀመሪያውን ቀቅዬ ሰጠኋት። አማተበች። ላጠችው። አሁንም አማተበች። ነክሳ ስታኝክ ፊቷ የለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚቆረጥም ሰው ፊት ነው።

«ምን ምን ይላል?» አልኋት።

«ኃጢአት ኃጢአት ይላል።»

በማግሥቱም እንዲሁ በላች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ካኘከች በኋላ ወዲያ ወዲህ አየችና፣ ድምጿን ቀንሳ «ጨው ቢጤ የለም?» አለች። እኔ ምስክሯ ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቡሄ ደረሰ። ያን ቀን ከሰዓት እኔ ጥጋቤ ተነሣና፣ ዛሬስ በሽንኩርት ልጥበሰው አልሁ። ቅቅል እንቁላል ምሥጢር ይጠብቃል፤ ጥብስ ግን እንደኔ ነው፣ ግቢ አይበቃውም። መጥበሻው ገና ጭስስ ከማለቱ፣ የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን እየደቁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃችን ላይ አልሰፈሩም መሰላችሁ! አውራው ያዜማል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን ይመታል። ከዚያ ከመሐላቸው አንዱ አፍንጫውን አነሣና «እንቁላል ይሸተኛል!» አለ።

ዜማው ቆመ። ዱላውም ቆመ። እነዚህ ልጆች እኮ ራሳቸው በባዶ ሆዳቸው የዋሉ ጿሚዎች ናቸው። እኔ በበሩ ስንጥቅ አፌን አስጠግቼ «ምን እንቁላል! ዶሮዋ ናት፣ ዶሮዋ ዝናብ ነክቷት ነው!» አልሁ። እርጥብ ዶሮ እንቁላል እንቁላል ይሸት እንደሆነ እንጃ።

ዘወር ስል እታለም ተነሥታለች። በዚህ ሰፈር በጾሟ ስሟ የተጠራ ሴት፣ ከዚህች በር ወዲያ ስሟ እንደማይመለስ ታውቃለች። እኔ «ተዪ፣ እኔ ልመልሳቸው» እያልኋት፣ መቀርቀሪያውን ሳበችውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አዎ፣ እንቁላል ነው» አለቻቸው። «የምበላውም እኔ ነኝ። ደም አንሶኛል። አባ አዘዙኝ።»

አውራው ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ አንዱ አዛወረና «ይማርዎት፣ እማማ» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ዜማ መስሏቸው መሰለኝ፣ «ይማርዎት! ይማርዎት!» እያሉ በዱላቸው ይመቱለት ጀመር። ከዚያማ ማን ያቁማቸው፤ እህቴን መረቋት፣ እኔን መረቁኝ፣ ያቺን ዝናብ የነካትን ዶሮ ሳይቀር በግጥም መረቋት። ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሄዱ።

እታለም በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ያለቀሰች መስሎኝ ቀረብሁ። «ዶሮዋ ናት አልሽ?» አለችና መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ መሬት ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ስንት ዘመን ከጎኗ ኖሬ የእህቴን ሳቅ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የጠበስሁት እንቁላል አረረ። ይረር!

ወሬው በማግሥቱ ደብረ ታቦርን አዳረሰ። እኛም የሚመጣውን ሐሜት ስንጠብቅ፣ መጀመሪያ የመጣችው ማን መሰለቻችሁ? ብርቱካን። ነጠላዋን ስትገልጠው እንቁላል ታቅፋለች። «የኔ ዶሮዎች ጾም አያውቁም፣ እትዬ የሻረግ» አለች። እታለም እንቁላሉን ሳትቀበል መጀመሪያ ጉልበቷን ልትስም ዝቅ አለች፤ ብርቱካን በግድ አነሣቻት። የተባባሉትን አልነግራችሁም። ለፍላፊ ብሆንም፣ ልክ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ማምሻ ማምሻውን ብቅ ማለት ጀመሩ። «እኔም እኮ ስኳር አለብኝ፣ እኔም እኮ ዳገት ያደክመኛል» እያሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንዷ ከገለጠችው ግን ለካ የሚገልጠው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁ፤ «ወደ ላይ እዪ!» እያልሁ ዓይን እገልጣለሁ። ነጣ ያለችውን «ሂጂ ተመርመሪ» እላለሁ። እንቁላል ግን አላዝም። የአንዷ በር የሌላዋ በር አይደለማ፤ በሩን የሚያውቅ ሐኪም ነው። እኔ ከዓይን ቆብ አላልፍም።

ክረምቱ ወጣ። መርፌው ሠራ፣ እንቁላሉም ሠራ። ለመስቀል እታለም ያን ዳገት ወጣችው። መካከል ላይ፣ እዚያው ጽድ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። «ምነው፣ ዞረብሽ?» አልኋት እያለከለክሁ። «አይ» አለች፣ «አንቺን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ከላይ አባ ታከለ መስቀል ያሳልማሉ። ጎንበስ ብዬ ስሳለም ዓይኔ ከመስቀሉ ዐልፎ መስቀሉን የያዘው እጅ ላይ ወደቀ። ጥፍራቸው ነጭ ነው። የመዳፋቸው መስመር ነጭ ነው። ቀና ስል እታለምም እሱኑ እያየች ነው። ሰው እስኪያልቅ ጠበቅናቸው።

«አባ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ እስቲ» አልኋቸው።

«ምን አለ፣ ዝናብ መጣ?»

የካህን ዓይን አይገለጥ! እጄን አጣምሬ ቆምሁ። እታለም ናት ደፍራ የተናገረችው። «አባ፣ የኔን በሽታ እጅዎ ላይ አየሁት። ይመርመሩ።»

«ዕድሜ ነው፣ ልጄ» አሉ እየሳቁ። አያችሁልኝ? እሳቸው ደግሞ ሌባ አድርገው የያዙት ዕድሜን ነው።

«እንግዲያው ለኔ የሰጡኝን ቀኖና ለራስዎም ይስጡ።»

«ቄስ ለራሱ ቀኖና አይሰጥም። የኔ ንስሐ አባት ይፋግ ከተማ ነው የሚኖሩ፤ በእርጅና ከቤት አይወጡም። በሉ ሂዱ ወደ ቤታችሁ።»

ይፋግ የሚለውን ባይነግሩን ይሻላቸው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ነበርን።

የይፋጉ አባት ጆሮ ከብዷቸዋል። እታለም በዚያች እንደ ትንኝ በምትሰማ ድምጿ ሦስቴ ሞክራ አቃታት። እግዜር ይኸን ጉሮሮ ለምን እንደ ሰጠኝ የገባኝ ያኔ ነው። «አባ! አባ ታከለ ደም አንሷቸዋል! አልመረመርም ብለዋል!» ብዬ ስለቀው፣ ከመንገድ ማዶ እህል የሚሰፍሩት ሰዎች ቁናቸውን አስቀመጡ። ሽማግሌው ሰሙ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁና እንዲህ አሉ። «ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ሐኪም ያለውን ይዋጥ፣ ሐኪም ያለውን ይብላ በሉት። እምቢ ካለ እኔው እየተንፏቀቅሁ እመጣለሁ። ደግሞም ይች ጯሂዋ ትመስክር!»

አባ ታከለ ታዘዙ፤ ምን ይላሉ? የሳቸው ግማሹ እንደ እታለም ከኪኒኑና ከጾሙ ሆኖ፣ ግማሹ ግን ከኩላሊት በኩል ተገኘ። «እንኳን አሁን መጡ» አለቻቸው ያቺ ሁለት ሹራብ ለባሽ። ያን ቀን ማታ እታለም ከግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት። ጠዋት ስጠይቃት «ስኳሩ ነው» አለችኝና ሳቀች።

አሁን ረቡዕና አርብ ሲሆን ሁለቱ ማኅበርተኞች የኔ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪሟ የፈቀደችላቸውን ያህል እንቁላል አቀርባለሁ። አማትበው፣ አዝነው፣ አቀርቅረው ይጀምራሉ፤ ከአጋማሹ በኋላ ግን የማን ዶሮ አስኳሉ እንደሚሻል ክርክር ይገጥማሉ። እኔ ምስክሯ አፌን ዘግቼ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቅሁ እመለከታለሁ። ለካ ቀኖናው የማን እንደ ሆነ እስካሁን አልገባኝም ነበር።

ባለፈው አርብ አባ ታከለ ምራቄን ስውጥ ያዙኝ መሰለኝ፣ «እማዋይሽ፣ አንቺም ደክሞሻል እንዴ? እስቲ ዓይንሽን» አሉ። ከልቤ ተስፋ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ቁልቁል ገለጥሁላቸው። እታለም አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

«ቲማቲም ነው» አለች።

«ተመስገን። ጹሚ፣ ልጄ፣ ጹሚ» አሉ አባ ታከለ። «ጨዉንም አቀብይን።»

አቀበልኋቸው።